ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ሲልባችሁ

ካሜራው ደረሰ። አክስት ከዋሽንግተን ልካው ይሁን፣ በዕቁብ ብር የተገዛ ያገለገለ ካነን ይሁን፣ ብቻ እጃችሁ ገብቷል። የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ወደር የለውም። መዘውሩን አረንጓዴው አውቶ ላይ አድርጋችሁ የግቢውን አበባ፣ የጎረቤቱን ልጅ፣ የራሳችሁን ጫማ ሳይቀር ታነሳላችሁ። ሁሉም ያምራል። አንድ ቀን ግን ድፍረት ድፍረት ይላችሁና መዘውሩን ወደ «ኤቪ» ታዞሩታላችሁ። ወዲያው አንድ ቁጥር ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል። ፎቶውን አንስታችሁ ስታዩት ደግሞ ግማሹ ሰማይ አንዴ ጥቁር አንዴ ነጭ እየሆነ ዓይናችሁን ያጭበረብራል። «ተበላሸ እንዴ?»

አልተበላሸም። ብዙ ጀማሪ ግን እዚህች ላይ መዘውሩን ወደ አረንጓዴው ይመልሰዋል፤ አንዳንዱም እንደመለሰው ይቀራል። ያሳዝነኛል! አውቶ ላይ ሳላችሁ ሁሉን የሚወስነው ካሜራው ስለነበር የሚያማክራችሁ ነገር አልነበረውም። አሁን ግማሹን ውሳኔ ወሰዳችሁበት፤ ስለዚህ ማማከር ጀመረ። ያቺ የምትርገበገብ ቁጥር ከተጠቃሚነት ወደ ፎቶ አንሺነት እግራችሁን ማንሳታችሁን የምትመሰክር ናት። እንኳን ደስ አላችሁ!

አሁን ምን እንደምትል እንስማት። ብርሃን ወደ ካሜራው የሚገባው በሁለት ነገር ተለክቶ ነው፤ በሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ማለትም በአፐርቸር፣ እና ሹተሩ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ። አይኤስኦ ደግሞ የገባው ብርሃን ምን ያህል ጎልቶ ይመዝገብ የሚለውን ይወስናል። በ«ኤቪ» ቀዳዳውን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ሹተሩን ካሜራው ያሰላል። ኒኮንና ሶኒ ላይ ይኸው ሞድ «ኤ» ብቻ ተብሎ ተጽፏል።

እንግዲህ ትናንት ማታ ሳሎን ውስጥ ፎቶ ስታነሱ አይኤስኦውን 1600 አድርጋችሁት ነበር። ረሳችሁት። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ወጥታችሁ ቀዳዳውን በሰፊው ከፍታችሁ ታነጣጥራላችሁ። ካሜራው ሹተሩን ያፈጥናል፣ ያፈጥናል፣ የብዙ ጀማሪ ካሜራዎች ጣሪያ የሆነው 1/4000 ሰከንድ ላይ ይደርስና ይቆማል። «4000» ሲርገበገብ «የእኔ አቅም እስከዚህ ነው፤ ብርሃኑ ሊበዛ ነው» እያላችሁ ነው። አይኤስኦውን ወደ 100 አውርዱ፤ ካልበቃ ቀዳዳውን አጥብቡ፤ ከ3.5 ወደ 8 ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባልና። በተቃራኒው መብራት ጠፍቶ በሻማ ስትሞክሩ፣ ቀዳዳውም 22 ላይ ተረስቶ ከሆነ፣ «30» የሚለው ቁጥር ይርገበገባል። ሠላሳ ሰከንድ ከፍቼም ብርሃን አልበቃኝም ማለቱ ነው። ቀዳዳውን ክፈቱለት፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጉለት። አለቀ።

በ«ቲቪ»፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ «ኤስ» በሚባለው፣ ነገሩ ይገለበጣል። ሹተሩን እናንተ ትመርጣላችሁ፤ የሚርገበገበው የአፐርቸሩ ቁጥር ነው። ሠርግ ቤት እስክስታ ደርቷል እንበል። የሚንቀጠቀጠውን ትከሻ ቀጥ አድርጎ ለማስቀረት 1/500 መረጣችሁ። ከካሜራው ጋር የሚመጣው የ18-55 ሌንስ ደግሞ ከ3.5 በላይ አይከፈትም፤ አቅርባችሁ ስታዩ እንዲያውም 5.6 ላይ ያበቃል። ያ ቁጥር ይርገበገባል፤ ጨልሟል ማለት ነው። አይኤስኦውን ያለ ፍርሃት ወደ 3200 አድርሱት። ደቃቅ ነጠብጣብ ይመጣል የሚሉ ይኖራሉ፤ ይምጣ! ነጠብጣብ ያለበት የሙሽራ እናት ሳቅ፣ ነጠብጣብ ከሌለው ግን ከተደበዘዘ ሳቅ በስንት ጣዕሙ።

«ኤም» ላይ የማስጠንቀቂያው ነገር ይለሰልሳል። ሁለቱንም ቁጥር የመረጣችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ካሜራው ከታች ባለው መስመር ላይ ከዜሮ ምን ያህል እንደራቃችሁ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን ያነሳል። ጨለማም ብትሉት ይታዘዛል።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ኮዳክ ውስጥ ይሠራ የነበረው ወጣቱ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. በእጅ የሚያዝ የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ ተብሎ የሚታወቀውን መሣሪያ ሠራ። ክብደቱ 3.6 ኪሎ ገደማ ነበር። አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ለማየት ደግሞ ካሴቱን ሌላ መሣሪያ ላይ አጫውቶ በቴሌቪዥን መመልከት ያስፈልግ ነበር። በፊልም ዘመን የተማሩ አንጋፋዎቻችንም 36ቱ ፎቶ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ስቱዲዮ ወስደው፣ አሳጥበው ነበር ስሕተታቸውን የሚያዩት። ያኔ ሠርጉ አልፏል፣ ሙሽሮቹም መልስ ጨርሰዋል። እናንተ ግን ስሕተታችሁ ሳይፈጸም በፊት ትነገራላችሁ። ጀማሪ መሆን እንደ ዛሬ ቀልሎ አያውቅም።

አሁን ወደዚያ ጥቁር ነጭ ወደሚለው ሰማይ እንመለስ። ካነን ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ «ዲስፕ» ወይም «ኢንፎ» የተጻፈበትን ቁልፍ ስትደጋግሙት ይመጣል፤ ኒኮን ላይ ከማሳያ ምርጫዎች ውስጥ አንድ ጊዜ ማብራት ይጠይቃል። ብዙዎቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ደግሞ ገና ሳታነሱ የሜዳ አህያ መስመር ያሳዩዋችኋል። መልእክቱ ያው ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ብርሃኑ ሞልቶ ፈሷል። ካሜራው ውስጥ ያሉትን ሚሊዮን ብርሃን ተቀባይ ነጥቦች እንደ ሲኒ አስቧቸው። ሲኒው እስኪሞላ ድረስ ቡናው ስንት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል፤ ከሞላ በኋላ ግን አንድ ጠብታ ይፍሰስ ጀበናው ሙሉ ይፍሰስ፣ ሲኒው የሚያሳየው ሙሉነቱን ብቻ ነው። የደመናው ቅርጽ፣ የጥልፉ ክር፣ የግንባሩ ወዝ እዚያው ይጠፋል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ብታጨልሙት ግራጫ ይሆናል እንጂ ጥልፉ አይመለስም።

ታዲያ በተርገበገበ ቁጥር መደንገጥ የለም። መጠየቅ ያለበት ምኑ ነው የሚርገበገበው የሚለው ነው። አምፖሉ ከሆነ ተዉት፤ አምፖል ነጭ ነው። ፀሐይዋ ራሷ ከሆነች፣ የመኪና መስታወት ላይ ያረፈ ነጸብራቅ ከሆነ፣ ተዉት። የሙሽራዋ ቬሎ ወይም የሰው ግንባር ከሆነ ግን ቁሙ። «+/-» የተጻፈበትን ቁልፍ ይዛችሁ ወደ ተቀናሹ በሲሶ በሲሶ ዝቅ እያላችሁ ደግማችሁ አንሱ፤ መርገብገቡ ከግንባሩ ላይ እስኪሸሽ። ሙሉ አንድ ስትቀንሱ ብርሃኑን በግማሽ አሳነሳችሁት ማለት ነው። በ«ሮው»፣ ማለትም በጥሬው ፋይል፣ የምታነሱ ከሆነ ትንሽ ተጨማሪ እፎይታ አላችሁ፤ ማስጠንቀቂያው የሚሰላው 256 የብርሃን ደረጃ ብቻ ካለው ከጄፔጉ ሲሆን፣ 14 ቢት የሆነ ሮው ግን 16,384 ደረጃ ይይዛል። እፎይታው ግን ሲሶዎች እንጂ ተአምር አይደለም።

ከሥዕሉ አጠገብ ስለሚወጣው ተራራ መሰል ሥዕላዊ መግለጫ፣ ስለ ሂስቶግራም፣ ብዙ ይባላል። ለጊዜው ይህ ይብቃችሁ፦ ግራው ጥቁር፣ ቀኙ ነጭ ነው፤ ተራራው የቀኙን ግድግዳ ተደግፎ ከተቆረጠ የነጣ ነገር አለ። ተራራው መሀል ካልሆነ ፎቶው ስሕተት ነው የሚላችሁን አትስሙ። የሌሊት ፎቶ ተራራው ግራ ላይ ነው፤ መሆንም ያለበት እዚያው ነው።

አሁን ደግሞ ካሜራው ዝም ብሎ ስለሚሳሳተው ስሕተት። እዚህ ላይ የተማረ ፎቶ አንሺና ያልተማረ ይለያሉ። የካሜራው መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ሲደባለቅ፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚያንጸባርቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ከሚል ግምት ይነሳል። ለአስፋልት፣ ለሣር፣ ለግንብ አጥር ግምቱ ይሠራል። ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ላይ ግን ከፊቱ የሚደቀነው ነጭ በነጭ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ፣ ደመና በሌለበት የበጋ ሰማይ፣ እኩለ ቀን ላይ! ዘመናዊዎቹ መለኪያዎች ቢራቀቁም ይህን ያህል ነጭ ሲያዩ «በዝቷል» ብለው ይቀንሱታል። ውጤቱ ያደፈ የሚመስል ነጠላና፣ ከነጠላው ሥር ዓይኑ የማይታይ ጠይም ፊት ነው። አንዲት ቁጥር አልተርገበገበችም፤ በካሜራው ስሌት ሁሉ ነገር ሰላም ነው። ለነገሩ የፎቶ ኢንዱስትሪው የእኛን ፊት ለማስታወስ ዘግይቷል፤ ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያመሳክሩባት የኮዳክ «ሸርሊ ካርድ» ላይ ያለችው ለአሥርት ዓመታት ነጭ ሴት ነበረች። ስለዚህ ፊታችንን ለማሽኑ ግምት ትቶ መሄድ አይበጅም።

እንግዲህ «+/-» ላይ ወደ ተደማሪው አንድ ትሄዳላችሁ። ፊቱ ይከፈታል፤ ዓይን ይታያል፤ ደስ ይላል። ያኔ ደግሞ የነጠላው ትከሻ መርገብገብ ይጀምራል! አሁን ማሽኑ የማይወስነው ውሳኔ እጃችሁ ላይ ወደቀ። የነጠላው ክር ይቅር ወይስ የሴትየዋ ዓይን? እኔ ዓይኗን እመርጣለሁ፤ ሸማኔው ይቅር ይበለኝ። ብልሁ ግን ሁለቱንም ላለማጣት ሁለት እርምጃ ይራመዳል፦ «እናቴ፣ እስቲ ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉልኝ» ብሎ ከጠራራው ያወጣቸዋል። ጥላ ውስጥ ነጠላውና ፊቱ ይቀራረባሉ፣ መርገብገቡም ይረግባል። ከካሜራው ቁልፎች ሁሉ ያቺ ትሕትና የተሞላባት አንድ ዓረፍተ ነገር ትበልጣለች።

ይህን ቤታችሁ ሆናችሁ ልትለማመዱት ትችላላችሁ። መስኮት አጠገብ ነጭ ነጠላ አንጠልጥሉ፤ በ«ኤቪ» ሆናችሁ ነጠላው ብቻ እስኪሞላው ቀርባችሁ አንሱ። ከዚያ በዚያው ቦታ ጥቁር ኮት ሰቅላችሁ አንሱ። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲታዩ ተቀራራቢ ግራጫ ናቸው። ነጠላውን ነጭ ለማድረግ ስንት ደመራችሁ? ኮቱን ጥቁር ለማድረግስ ስንት ቀነሳችሁ? እነዚያን ሁለት ቁጥሮች በቃል ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ነጠላ ባያችሁ ቁጥር አውራ ጣታችሁ ራሱ ይሄዳል።

በቃል መያዝ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አሜሪካዊውን አንሰል አዳምስን ማሰብ ነው። በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር በመኪና ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ፣ እየጠለቀች ያለችው ፀሐይ ደግሞ የመቃብር መስቀሎቹን አብርታቸው አየ። መኪናውን አቁሞ ካሜራውን ተከለ፤ የብርሃን መለኪያውን ቢፈልገው የለም። የሚያማክረው ማሽን አልነበረም። ነገር ግን የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ነበር፤ በካሬ ጫማ 250 ካንድል። ከዚያች ቁጥር ተነስቶ አሰላና አነሳ። ሁለተኛ ሊያነሳ ሲዘጋጅ ፀሐይዋ ከመስቀሎቹ ላይ ወረደች። ያለው ኔጋቲቭ አንድ ብቻ ነው፤ ከዝነኛ ሥራዎቹም አንዱ ሆነ። እናንተም ጨረቃዋ ባትቀናችሁ ይህችን ያዙ፦ በጠራራ ፀሐይ አፐርቸር 16፣ ሹተሩ ደግሞ ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር እኩል፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ሰከንድ አካባቢ። ካሜራው የሚሰጣችሁ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ መሞከሩም ያዝናናል።

የምረቃ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ነገር በአንድ ፎቶ ይገናኛል። ጥቁር ጋውን፣ የእናት ነጭ ነጠላ፣ በመሀል ተመራቂው። ጋውኑ መለኪያውን ወደ ማንጣት፣ ነጠላው ወደ ማጨለም ይጎትቱታል። እናንተ ፊቱ ላይ አተኩሩ፦ ሌንሱን አቅርባችሁ የተመራቂውን ፊት ብቻ ለኩ፤ ካነን ላይ የኮከብ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጭናችሁ ልኬቱን ያዙት፤ ከዚያ አስፍታችሁ ቤተሰቡን ሁሉ አስገቡና አንሱ። የሚርገበገብ ካለ ምኑ እንደሆነ እዩ፤ ፊት ካልሆነ ሌላውን ቤተሰብ ጥሩ። ስትጨርሱ «+/-»ን ወደ ዜሮ መልሱት፤ ብዙ ካሜራ ጠፍቶ ሲበራ እንኳ የደመራችሁበትን አይረሳም፤ የነገው የመጀመሪያ ፎቶ ይነጣባችኋል።