በሽቦ ለታሰረ ጥርስ የሌዘር ሕክምና ምን ይፈይዳል?

ከማኅበራችን አባላት አንዱ ጥርሱን በሽቦ ካሳሰረ ወዲህ ድዱ እያበጠ ይደማበት ጀመር። የሄደበት ክሊኒክ የሌዘር ሕክምና ቢያደርግ ችግሩ እንደሚወገድለት ነገረው፤ ዋጋው የወር መተዳደሪያውን የሚወስድ ነበር። ጉዳዩ ሌሎቻችንንም ሊገጥመን ስለሚችል አሠራሩን መረዳት ይበጃል።

ድዱን የሚያሳብጠው በአብዛኛው ሽቦው ራሱ ሳይሆን ሽቦው የሚሸሽጋቸው ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህም እርስ በርሳቸው ተያይዘው በጥርስና በድድ መገናኛ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይጋገራሉ። ሽፋኑ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጎዳ ሃራልድ ሎ የተባሉት ሊቅና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1965 ዴንማርክ ውስጥ አሳይተዋል። ጤነኛ ድድ የነበራቸው 12 ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎች፣ ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳቱን እንደገና ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ዳነላቸው።

አሁን ወደ ሌዘሩ እንምጣ። በብዛት የተሞከረው ዘዴ ብርሃንን ከቀለም ጋር የሚያጣምር ነው። በድዱ ጠርዝ ላይ እንደ ሜቲሊን ብሉ ያለ ሰማያዊ ቀለም ይቀባና ባክቴሪያዎቹ እስኪይዙት ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል። ቀጥሎም 660 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ደካማ ቀይ ጨረር ይበራበታል። ቀለሙ ከብርሃኑ ያገኘውን ኃይል በአጠገቡ ላለው ኦክሲጅን ያስተላልፋል፤ ኦክሲጅኑም በዚህ ጊዜ እጅግ አጥቂ ስለሚሆን የባክቴሪያውን ቆዳ ይበሳዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ኦስካር ራብ የተባለው የሙኒክ ተማሪ ቀለምና ብርሃን ተባብረው ረቂቅ ሕይወት ያላቸውን ፍጡራን እንደሚገድሉ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው።

ዘዴው በሕክምናው ማግስት የባክቴሪያውን ቁጥር እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። ይሁን እንጂ ምላስ፣ ጉንጭና ምራቅ በባክቴሪያ የተሞሉ ናቸው፤ ብረቱም ከቦታው አልተነሣም። ስለዚህ ቁጥሩ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሙከራዎቹም አብዛኞቹ በጥቂት በሽተኞች ላይ የተደረጉ፣ በቀለሙ ዓይነትና በጨረሩ ኃይል የማይመሳሰሉ በመሆናቸው፣ ሐኪም በሚገባ ካጸዳው ጥርስ ላይ ሌዘር የሚጨምረው ጥቅም ገና አከራካሪ ነው። ለጓደኛችን «ከእንግዲህ መቦረሽ ብዙም አያሳስብህ» መባሉ በእኔ አስተያየት ከዋጋው የከፋ ነው።

ዋናው ሥራ በእጃችን ነው፤ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ከሽቦው በላይም በታችም መቦረሽ፣ ከሽቦው ሥር ደግሞ በቀጭኗ የጥርስ መሐል ብሩሽ ማጽዳት። ከአገር ቤት የመጣ መፋቂያ ከሽቦው ሥር ለመግባት ስለሚወፍር፣ ሲጫኑትም ብረቱን ሊያላቅቅ ስለሚችል፣ ሽቦው እስኪፈታ ቢቆይ ይሻላል።

ሌዘሩን የሚፈልግ ቢኖር ከመክፈሉ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የተጋገረው ቆሻሻ አስቀድሞ ይጸዳልኝ ወይ? ሕክምናውስ ስንት ጊዜ ይደገማል? ጨረሩ ሲበራም የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ አይቀመጥ።