ከወርቁ በኋላ ያለው ሩጫ

እንደ እኛ ሩጫ ለሚወድ ሕዝብ የኤሪክ ሊደልን ታሪክ መንገር ደስ ይላል። ስኮትላንዳዊው ሊደል እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ኦሊምፒክ 400 ሜትርን በ47.6 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ወርቁንም ወሰደ። የታወቀበት ርቀት 100 ሜትር ነበር። የ100 ሜትሩ ማጣሪያ እሑድ ላይ ስለዋለ ግን ሰንበትን አልሽርም ብሎ ተወው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። በ1981 ፊልም ሳይቀር ተሠርቶለታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1925፣ ገና በ23 ዓመቱ፣ ስሙ ከአፍ ሳይጠፋ፣ ጓዙን ሸክፎ ሚስዮናዊ ሊሆን ወደ ቻይና ሄደ። የተወለደውም እዚያው ቲያንጂን ከተማ፣ ከሚስዮናውያን ወላጆች ነበር። በኮሌጅ ሳይንስ ማስተማር ጀመረ። የ1928ቱ ኦሊምፒክ ሲደርስ አልተሰለፈም።

ልብ በሉ፤ ጉዳት አላስቆመውም፣ ሽንፈትም አላባረረውም። ዓለም ፊቷን ስታዞርብን ወደ ፈጣሪ መሮጥ ለማናችንም አይከብድም። ሊደል ግን የሄደው ዓለም እጇን ዘርግታ ስትጠራው ነው። ሩጫንም ንቆ አልተወውም። ሲሮጥ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ነበር። ሩጫ መልካም ነገር ነው። እሱ ግን ከሁለት መልካም ነገሮች የሚያልፈውንና የሚቀረውን ለየ፤ ለሚቀረውም ትርፍራፊውን ሳይሆን የጉልበቱን አፍላ ሰጠ።

እኛስ? «ትንሽ ልደራጅ»፣ «ቤቱ ይለቅ»፣ «ልጆቹ ይደጉ»፣ «ጡረታ ልውጣ» እንላለን። ለዘላለማዊው ነገር የምንቀጥረው ሁልጊዜ የደከመውን ዘመናችንን ነው።

ጃፓን በቻይና ላይ የከፈተችው ጦርነት ሲበረታ፣ በ1941፣ ሊደል ነፍሰ ጡር ባለቤቱን ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ወደ ካናዳ ሸኛቸው። ሦስተኛዋን ልጁን በዓይኑ ሳያያት ቀረ። በ1943 ጃፓኖች ዌይሽየን በሚባል ማጎሪያ ካምፕ አስገቡት። ጠባብ ግቢ፣ ብዙ ሕዝብ፣ ጥቂት ምግብ። የካምፑ ልጆች «አጎቴ ኤሪክ» ይሉት ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት የኬሚስትሪ መሣሪያዎችን በእጁ እየሣለ ያስተምራቸዋል፤ የተሰበረ የሆኪ ዱላም ይጠግንላቸዋል።

አንድ ጊዜ ወጣቶቹ እሑድ ቀን ሆኪ ሲጫወቱ ዳኛ ስላልነበራቸው ተደባደቡ። ከዚያ በኋላ ያ ሰንበትን አልሽርም ብሎ 100 ሜትሩን የተወ ሰው ራሱ እሑድ ሜዳ ገብቶ ዳኛቸው ሆነ! ለእኔ ይህ ከፓሪሱ ውሳኔ አያንስም። ለራሱ ክብር ሲሆን አንዲት እርምጃ ያልሰጠ ሰው፣ ለልጆች ሰላም ሲሆን አላቅማማም። ለዘላለማዊው ነገር የሚኖር ሰው ደረቅ ይሆናል የሚል ሁሉ ይህን ይወቅ።

ክረምት ላይ ደግሞ ጫማው ላለቀበት አንድ ወጣት የራሱን ያረጀና የተጠጋገነ የመሮጫ ጫማ ሰጠው። በዚያው ካምፕ ጠባቂዎቹን ጨምሮ ለጃፓናውያን መጸለይን ያስተምር ነበር። ሊደል ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1945፣ በ43 ዓመቱ፣ በአንጎል ዕጢ አረፈ። ካምፑ ነጻ የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ጫማውን የተቀበለው ልጅ ግን አድጎ ራሱ ሚስዮናዊ ሆነ። የሄደውም ወደ ጃፓን ነው፤ ያሰሩት ሰዎች አገር! እዚያም ለአሥርተ ዓመታት አገለገለ።

የ47.6ቱ ክብረ ወሰን ከተሰበረ ቆይቷል፤ ክብረ ወሰን የሚሰበር ነገር ነው። ያ ልጅ ከካምፕ ይዞት የወጣው ግን ጃፓን ድረስ ተሻገረ።

ወዳጆቼ፣ ሥራችሁን አትተዉ፤ ንግዳችሁንም በርትታችሁ ሥሩ። ነገር ግን ከሳምንቱ ውስጥ ያልደከማችሁበትን፣ አእምሯችሁ የነቃበትን አንድ ሰዓት ምረጡ። ያን ሰዓት፣ የሚያስጠናው ላጣ የጎረቤት ልጅ፣ ጠያቂ ለሌለው ታማሚ፣ ለጸሎት፣ ለተቀየማችሁት ወንድም ስጡት። እስኪመቻችሁ አትጠብቁ፤ ጉልበት ሳላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሩ።