ከስትሮክ በኋላ የትኛው ስፖርት ይሻላል?

«ዶክተር፣ ያለነው ቡልቡላ ነው። አባቴን ለፊዚዮቴራፒ በየቀኑ አዳማ ወይም ሀዋሳ ማመላለስ አልቻልንም። ልምምዱ ይቅር?»

በፍጹም አይቅር! በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 96 ጥናቶችን የፈተሸ የኮክሬን ግምገማ አንዱ የፊዚዮቴራፒ ዘዴ ከሌላው እንደማይበልጥ አሳይቷል። ጥሩ ውጤት የታየው በቀን ከ30–60 ደቂቃ፣ በሳምንት ከ5–7 ቀን ሲሠራ ነው። አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በድግግሞሽ ነውና።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊዚዮቴራፒስት ይያቸውና ለእሳቸው የሚሆነውን ልምምድ ያሳያችሁ። ከዚያ ቤት ውስጥ፦

✅ ከማይንሸራተት ወንበር መነሳትና መቀመጥ (አንድ ሰው በደከመው ጎናቸው ይቁም)
✅ በደከመው እጅ ኩባያ ማንሳትና ማስቀመጥ
✅ ከደከማቸው ሰዓቱን ከፋፍሎ ጠዋትና ማታ መሥራት

❌ የደከመውን እጅ ይዞ መጎተት፤ ትከሻቸውን ይጎዳል
❌ «ተሽሎኛል» ብሎ የግፊት መድኃኒት ማቋረጥ

⚠️ የደረት ሕመም፣ ከባድ ማዞር፣ አዲስ የፊት መጣመም ወይም የንግግር መያዝ ካለ ልምምዱን አቁማችሁ ቶሎ ወደ ሆስፒታል!

እሳቸው የሚችሉትን እናንተ አታድርጉላቸው። ቢዘገዩም አጠገባቸው ሆናችሁ ጠብቁ፤ ሕክምናው እሱ ነው።

ቤቱ ታማሚ ላለው ሰው ሼር አድርጉለት 🙏