ባጃጅ የማን ስም ነው?

ጥያቄ፦ በአርሲ ከተሞች፣ በአርቦዬም በአሰላም፣ ጠዋት ወደ ሥራ የሚቸኩል ሰው «ባጃጅ ልያዝ» ይላል። ቃሉ አማርኛ ነው፣ ኦሮምኛ ወይስ የውጭ? ትርጉሙስ?

መልስ፦ የሰው ስም ነው፤ ያውም የሕንድ ቤተሰብ ስም።

ጃምናላል ባጃጅ የማህተማ ጋንዲ የቅርብ ወዳጅ የነበሩ ነጋዴ ናቸው። ጋንዲ እንደ ልጃቸው ያዩአቸው ነበር። ጃምናላል እ.ኤ.አ. በ1942 ካረፉ በኋላ በስማቸው የሚጠራው የንግድ ቤት ወደ ተሽከርካሪ ሥራ ገባ፤ በ1959 ደግሞ ባለሁለትና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የማምረት የመንግሥት ፈቃድ አገኘ። የስሙ ሥር ወደ ዐረብኛው «በዛዝ» ይመለሳል፤ የጨርቅ ነጋዴ ማለት ነው። እንግዲህ በአርቦዬ ከሰፈሩ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄደው ሠራተኛ በየጠዋቱ የአንድ ጥንታዊ ሙያ ስም ይጠራል።

የተሽከርካሪው ቅርጽ ግን ጣሊያናዊ ነው። የቬስፓ አምራቹ ፒያጆ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948፣ «አፔ» ማለትም ንብ ብሎ ባለሦስት እግር ሠራ።

በአርሲ ከተሞች ዛሬ ሌላው የሕንድ ኩባንያ ቲቪኤስ የሠራውንም ተሽከርካሪ ሰው ባጃጅ ይለዋል። ይህ ስህተት አይደለም። የድርጅት ስም የዕቃው መጠሪያ ሲሆን ቋንቋው ተቀብሎታል ማለት ነው፤ አማርኛው «ባጃጆች» ብሎ ያበዛዋል፣ ኦሮምኛው «ባጃጂ» ይለዋል። ታንዛኒያም እንዲሁ «ባጃጂ» ስትል ጎረቤቷ ኬንያ «ቱክቱክ»ን መርጣለች።