የተወለድንበት ቀን

በ2014 ዓ.ም. ክረምት መሠረተ ትምህርት ለማስተማር ወደ ገጠር የወጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አራት ነበርን። የምናድረው በአንዲት እናት ቤት ነበር። እማማ እያልን እንጠራቸዋለን። ቀን ቀን የእርሻ ሥራ ስለሚበዛ ትምህርቱ የሚሰጠው ማታ፣ እሳቸው ቤት፣ በኩራዝ ብርሃን ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን ከመካከላችን አንዱ 21 ዓመት ሞላው። እሱ ዝም ቢልም እኛ ለእማማ ሹክ አልናቸው። ሐምሌ ጎተራ የሚጎድልበት ወር ነው። ቢሆንም እማማ አነባብሮ ጋገሩ። ሽምብራ ተቆላ፣ ቡና ተፈላ። ጎረቤት ተጠራ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ውስጥ የቡናው ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ደስታ ማለት ብዙ ወጪ ማለት አይደለም።

ከልጆቹ አንዱ ከተማ ውስጥ ልደት ሲከበር ሻማ እፍ እንደሚባል ሰምቶ ኖሯል። ብድግ አለና ኩራዙን እፍ! ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ክብሪቱ እስኪገኝ ድረስ በሳቅ ሆዳችን ታመመ።

ኩራዙ እንደገና ሲበራ እማማ ጓደኛችንን፣ “ለመሆኑ የተወለድህበትን ቀን እንዴት አወቅኸው?” አሉት።

“እናቴ ጽፋ አስቀምጣልኝ ነው።”

“የታደልህ! ለእኔ ማን ይጻፍልኝ? ሃምሳ ሳይሞላኝ አይቀርም።”

“እናትዎ ምንም አልነገሩዎትም?” አልናቸው።

“እሱማ ነግረውኛል። የሰባ ሰባቱ ድርቅ አልፎ ዝናቡ ሲመለስ፣ ጤፍ በሚዘራበት በሐምሌ፣ በማርያም ለት ነው።”

እማማ አላውቅም ይበሉ እንጂ ሁሉንም ያውቁት ኖሯል! የቀረው መጻፍ ብቻ ነበር። እናንተስ? የተወለዳችሁበትን ቀን ለማግኘት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ።

1ኛ. ዓመቱን ከታወቀ ነገር። ጥልያን አገራችንን የወረረው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ተሸንፎ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። ደርግ ሥልጣን የያዘው በመስከረም 1967 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ያለቀበት ትልቁ ድርቅ በ1977 ዓ.ም. ነበር። ደርግ የወደቀው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። ከእነዚህ በፊት ነው የተወለድሁት ወይስ በኋላ? በስንት ዓመት? ብላችሁ ጠይቁ።

2ኛ. ወሩን ከእርሻው። አደይ አበባ ፈንድቶ ነበር? መስከረም ነው። ጤፍ እየተዘራ ነበር? ሐምሌ ነው። አጨዳ ነበር? ኅዳር ይሆናል።

3ኛ. ቀኑን ከበዓሉ። አቦ 5፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 ነው። በረመዳን ወይም በዐረፋ የተወለደ ሰው ግን ልብ ይበል። እነዚህ በዓላት በእኛ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ይላሉ። ስለዚህ የእርሻውን ወር ደግሞ ይጠይቅ።

እንግዲህ የእማማ ልደት ሐምሌ 21 ቀን 1977 ዓ.ም. ሆነ። ዕድሜያቸውን ለማግኘት ከያዝነው ዓመት ላይ የልደታቸውን ዓመት ቀነስን። ከ2014 ላይ 1977 ሲቀነስ 37 ይቀራል። ነገር ግን ያን ለት ገና ሐምሌ 19 ነበር። የልደት ቀን ካልደረሰ አንድ ይቀነሳል። ስለዚህ እማማ ያን ማታ የ36 ዓመት ሴት ነበሩ።

“ለካ ገና ልጅ ነኝ!” ብለው ሳቁ። ከዚያ ደብተራቸውን አምጥተው ቀኑን በገዛ እጃቸው ጻፉ። ሁለት ጊዜ አጥፍተው በሦስተኛው ቀና።

የጎረቤቱ አባወራ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው፣ “እስቲ የእኔንም ልጅ ቁጠሩልኝ” አሉን። ልጃቸውን ጥር ላይ ሊድሩ ሽማግሌ ተቀብለዋል። “ደርሳለች፣ 18 አያንሳትም” አሉ። ባለቤታቸው ግን ከጓዳ ሆነው፣ “ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ፣ በኅዳር ሚካኤል ነው የወለድኋት። አጨዳ ላይ ነበርህ እኮ!” አሉ።

ኅዳር 12 ቀን 2000 ዓ.ም. ማለት ነው። ቆጠርነው። ልጅቱ 14 ዓመት ከ8 ወር ነበረች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው እንዳይጋቡ ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርስ? ሰውነቷ ያልጠና ልጅ ስትወልድ ምጥ ይጸናባታል። ሕፃኑም እሷም ሊሞቱ ይችላሉ። ፊስቱላ የሚባለው ሽንት የማያስቋጥር ጉዳትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ምጥ ለቀናት ሲቆይ ነው።

አባትየው መልስ አልሰጡንም። ቀኑን የጻፍንበትን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።

ሐምሌ 21 ቀን፣ በማርያም ለት፣ ለእማማ ቡና ያፈላነው እኛ ነን። ቀጥኖ ነበር። እሳቸው ግን “ይጣፍጣል” ብለው ሦስቱንም ስኒ ጠጡልን።

በነሐሴ መጨረሻ ልንመለስ ስንል አባትየው መንገድ ድረስ ሸኙን። “ጥር ላይ ሠርግ የለም። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ትመለሳለች” አሉን። ከዚያ ክረምት ሁሉ ትልቁ ደስታችን ይህ ነበር።

የአዲስ ሕፃን ልደትማ ከትዝታ መፈለግ የለበትም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን የሚከናወነውም በቀበሌ ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40፣ የሴት በ80 ቀን ነው። ከሴቷ ክርስትና በኋላ 10 ቀን ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ድግሱን ስታስቡ ምዝገባውንም አስቡ።

ጥያቄዎች

1. እማማ የተወለዱበትን ወር በምን አወቁ?
2. በጥር 1983 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስንት ዓመቱ ነበር?
3. ልጅቱ 18 ዓመት የምትሞላው በስንት ዓ.ም. ነው?
4. እናታችሁን ወይም ታላቃችሁን ጠይቁና የተወለዳችሁበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ።