ምልክት በሌለበት የሚቀጥል ሕመም፦ ኤምአርአይ በመልቲፕል ስክለሮሲስ ክትትል

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር የሚገኙ ነርቮችን የሚሸፍነውን ማይሊን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። የሕመሙን እንቅስቃሴ በታማሚው ስሜትና በአካል ምርመራ ብቻ መመዘን ግን ያሳስታል፤ በሚያገረሸው ዓይነት፣ በኤምአርአይ የሚታዩ አዳዲስ ቁስለቶች በምልክት ከሚገለጹት ግርሻዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣሉና።

ሁለቱ ዋና የምስል ዓይነቶች የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉ። ጋዶሊኒየም ከተሰጠ በኋላ በቲ1 ምስል ደምቆ የሚታይ ቁስለት በደምና በአንጎል መካከል ያለው መከላከያ መላላቱን፣ ማለትም በቅርብ ሳምንታት የተከሰተ ብግነት መኖሩን ያመለክታል። የቲ2 ምስል በአንጻሩ አሮጌውንም አዲሱንም ቁስለት በአንድነት ስለሚያሳይ፣ አዲሱን ለመለየት ከቀድሞ ምስል ጋር ማነጻጸር ግድ ይሆናል። ንጽጽሩ በጥንቃቄ ከተከናወነ በየክትትሉ ጋዶሊኒየም መስጠት ላያስፈልግ ይችላል።

ስለዚህ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለው መነሻ ምስል የተነሣበት ጊዜ ወሳኝ ነው። መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ መሥራት ከመጀመሩ በፊት የተፈጠረ ቁስለት እንደ ሕክምናው ውድቀት ከተቆጠረ፣ ታማሚው የሚረዳውን መድኃኒት ያለ አግባብ ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ምክረ ሐሳብም ሕክምና ከተጀመረ ከ3 እስከ 6 ወራት ባለው ጊዜ አዲስ መነሻ ምስል እንዲነሣ ይመክራል። ቀጣዮቹ ምስሎችም በተቻለ መጠን በዚያው መሣሪያና በተመሳሳይ አሠራር ሊነሡ ይገባል፤ አለዚያ የቴክኒክ ልዩነቱ የሕመም ለውጥ መስሎ ይነበባል።