የእግር ጉዞን የሚገልጥ ድርሰት

ሀ. መግቢያ

ገላጭ ድርሰት ማለት ጸሓፊው ያየውን፣ የሰማውንና የዳሰሰውን ነገር አንባቢው በዐይነ ኅሊናው እንዲያየው አድርጎ የሚያቀርብበት የድርሰት ዐይነት ነው። ብዙ ተማሪዎች ስለ አንድ የገጠር ጉዞ ጻፉ ሲባሉ «አየሩ ነፋሻ፣ መልክዓ ምድሩም እጅግ ውብ ነበር» ብለው ይጀምራሉ። ይህ ዐረፍተ ነገር የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ስለ ማናቸውም ስፍራ ሊነገር የሚችል በመሆኑ ስለ አንዱም ስፍራ የተናገረው ነገር የለም። ይህን ካስተዋላችሁ በኋላ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

በመናገሻ ሱባ ደን

የመናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የጥድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። በጥቅምት ወር፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከአንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ጋር ሆነን ዳገቱን ተያያዝነው።

መንገዱ ለእግር የሚከብድ አልነበረም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን እንደ ምንጣፍ ስለ ሸፈነው ኮቴያችን አይሰማም። ጓደኛዬ አንዱን ግንድ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ይህ ጥድ እንዴት ወፍራም ነው!» አለ።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ቅጠል ቀጠፉና፣ «ልጄ፣ ይህማ ዝግባ ነው። ቅጠሉ ጠፍጣፋና ሾጣጣ መሆኑን አታይምን? የጥድ ቅጠል ግን ጥቃቅን ነው፤ በቅርንጫፉ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይለጠፋል። ልጡም በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይላጣል» አሉት።

ጥቂት እንደ ሄድን ከበላያችን ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ ሰማን። ቀና ብንል አንድ ጉሬዛ ነጩን የጎኑን ጠጉር እንደ ካባ እያውለበለበ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዘለለ። ከፍ እያልን በሄድን ቁጥር ጥዱ እየሳሳ፣ ኮሶው እየበዛ ሄደ። ከዚያም በላይ ዛፉ ሁሉ አጠረ፤ በስፍራውም አስታ ተተካ።

ስንመለስ ከአንድ ጉቶ አጠገብ ዐረፍን። ሽማግሌው ጉቶውን በበትራቸው ነካ አድርገው፣ «ይህን ሲቆርጥ ያገኘሁትን ሰው የዛፉን ስም ጠየቅሁት። ‹እንጨት ነው› አለኝ» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። ጓደኛዬ ግን ከዚያ ወዲያ ያየውን ዛፍ ሁሉ ስሙን እየጠየቀ በደብተሩ ሲጽፍ ዋለ።

ሐ. ማብራሪያ

1. ጸሓፊው «ውብ» የሚለውን ቅጽል አንድ ጊዜም አልተጠቀመበትም። በቅጽሉ ፈንታ የነገሮቹን ስምና ጠባይ አስቀመጠ። ጥድንና ዝግባን ለይቶ የማያውቅ ሰው ሁለቱንም «ዛፍ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ለይቶ ያልጠራውን ነገር ደግሞ ቢጠፋም ልብ አይለውም። የምንባቡ ቁም ነገር በዚህ ላይ ነው።

2. ገለጻው ሥርዐት አለው። ከታች ወደ ላይ የሚወጣውን መንገድ ስለሚከተል አንባቢው አይደናገርም።

3. ምንባቡ በምክር አልተደመደመም። የጓደኛው ድርጊት ምክሩን ተክቶ ይናገራል።

መ. ሰዋስው፤ ቦዝ አንቀጽ በጉዞ ድርሰት ውስጥ

«አስመጥተው»፣ «ፈገግ ብለው»፣ «ነካ አድርገው» የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ በዐቢይ አንቀጽ ካልታሰረ በቀር ዐረፍተ ነገርን አይዘጋም። ድርጊቶች በተራ ለሚከታተሉበት የጉዞ ድርሰት ይስማማል፤ ሲበዛ ግን አንባቢውን ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ደግሞም የቦዙና የዐቢይ አንቀጹ ባለቤት ሲለያይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ቢባል የመጀመሪያው ድርጊት ለሁለተኛው ምክንያት ስለ ሆነ ያስኬዳል። «ወደ ላይ ወጥተን ጉሬዛ ዘለለ» የሚለው ግን ሁለቱ ድርጊቶች ስለማይያያዙ ጎደሎ ነው። «ወደ ላይ ስንወጣ ጉሬዛ ሲዘል አየን» ቢባል ይቃናል።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ሌላ አንድ ቦዝ አንቀጽ አውጥታችሁ ባለቤቱንና የሚያስረውን ዐቢይ አንቀጽ አመልክቱ።

2. የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አስተካክላችሁ ጻፉ። «ወንዙን ተሻግረን ፀሓይ ጠለቀች።»

3. የሽማግሌው የመጨረሻ ንግግር ምን ለማለት እንደ ተነገረ በሦስት ዐረፍተ ነገር አብራሩ።

4. በአካባቢያችሁ ባለ ኮረብታ ወይም ጫካ ተዘዋወሩ። የአምስት ዕፀዋትን ስም ከሚያውቁ ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ከተረዳችሁ በኋላ «ውብ»፣ «ማራኪ» እና «አስደናቂ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ የአንድ ገጽ ድርሰት ጻፉ።